ጎግል ኧርዝ፣ አርክጂአይኤስ ወይስ ኪውጂአይኤስ? ከደብረ ማርቆስ የአንዲት ጀማሪ ንጽጽር

የመጀመሪያው ካርታዬ ላይ አንድ ምንጭ ወንዝ ተሻግሮ ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከደብረ ማርቆስ ወጣ ብሎ ባለ አንድ ትንሽ ተፋሰስ ውስጥ ያሉትን ምንጮችና እርከኖች እንድመዘግብ ታዘዝኩ። ጂፒኤስ ተዋስኩ። ሦስት ቀን ሙሉ ዳገት ስወጣ ቁልቁለት ስወርድ ከረምኩ። ቁጥሮቹን ሶፍትዌሩ ውስጥ አስገባሁ፣ ካርታውን በትልቅ ወረቀት አሳትሜ ወደ ቀበሌው ተመለስኩና ለአርሶ አደሮቹ ዘረጋሁላቸው። መንገድ ሲመሩኝ የሰነበቱት አባት ወረቀቱን አገላብጠው አዩት። "ልጄ፣ ምንጫችን መቼ ነው ወዲያ ማዶ የተሻገረው?" አሉኝ። የተሰበሰበው ሰው ሁሉ ሳቀ። እኔም አብሬ ሳቅሁ፤ ሌሊቱን ግን እንቅልፍ የሚባል አልወሰደኝም።

ምክንያቱን ወደ ኋላ እነግራችኋለሁ። ለጊዜው ይህን ያዙልኝ፤ ያን ስህተት የትኛውም ሶፍትዌር አያስቀርልኝም ነበር። ጂአይኤስ (በኮምፒውተር ካርታ እየሠሩ የቦታን መረጃ መመርመር ማለት ነው) መጀመር የሚፈልግ ሰው ሁሉ ግን መጀመሪያ የሚጠይቀኝ "የቱ ይሻላል?" ብሎ ነው። ጥማድ በሬ የሚገዛ ገበሬ ገበያ ከመውጣቱ በፊት ስለ መሬቱ ያስባል። ዋልካ ነው ወይስ ቀይ አፈር? ሶፍትዌርም እንደዚያው ነው። ላፕቶፓችሁ ስንት ራም አለው? ኔት በሳምንት ስንት ቀን ታገኛላችሁ? ሥራችሁን የሚረከበው ሰው በምን ይከፍተዋል? እነዚህን ሦስቱን ሳትመልሱ "ምርጡ" የሚባለውን ብትጭኑ ትርፉ ድካም ነው።

የእኔ ላፕቶፕ 4 ጊጋ ራም ነበረው። ኔቱ ሲፈልግ ይመጣል፣ ሲያሻው ይጠፋል። የሚረከበኝ መሥሪያ ቤት ደግሞ አርክጂአይኤስ ነው የሚጠቀመው። ከዚህ በታች ያለውን ሁሉ ከዚህ ወንበር ሆኜ እንደጻፍኩት ቁጠሩልኝ።

ለመጀመሪያው ሳምንት፦ ጎግል ኧርዝ ፕሮ

ኮምፒውተር ላይ የሚጫነውን ማለቴ ነው። እስከ 2015 እ.ኤ.አ. መጀመሪያ ድረስ በዓመት 399 ዶላር ይከፈልበት ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ነፃ ነው። "ይሄ እኮ የልጆች መጫወቻ ነው" የሚሉ አሉ። አትስሟቸው። ነጥብ፣ መስመርና ፖሊጎን የሚባሉት የጂአይኤስ ሀሁ ማለት ምን እንደሆኑ እንደ ጎግል ኧርዝ ቶሎ የሚያስተምር የለም።

እኔ የተማርኩት በቤተ ክርስቲያን ነው። ጎጃምን በበጋ ከላይ ሆናችሁ ብታዩት ሜዳው ቡናማ ነው። በመሃሉ ግን ክብ ክብ አረንጓዴ ነጠብጣቦች አሉ። አንዱን ቀረብ ስትሉት የታጠረ የጽድና የወይራ ደን ነው፤ ልቡ ላይ የቤተ ክርስቲያኑ ጣራ ያበራል። ጣራው ላይ ፒን ትከሉ፤ ነጥብ ሆነ። ከመንገዱ እስከ ደጀ ሰላሙ ያለችውን ቀጭን መንገድ ተከትላችሁ ሳሉ፤ መስመር ሆነ። የደኑን ዳር ዙሩት፤ ፖሊጎን ሆነ፣ ስፋቱንም በሄክታር ይነግራችኋል። አንድ ከሰዓት በኋላ አሥር ደን ከሳላችሁ እጃችሁ ተፈታ ማለት ነው።

ሌላም ደስ የሚል ነገር አለው። ላይኛው መስመር ላይ ያለችውን የሰዓት ምልክት ተጫኑና ጊዜውን ወደ ኋላ ጎትቱ። መርዓዊ አጠገብ ያለውን የቆጋን ግድብ ሞክሩት። 7,000 ሄክታር እንዲያለማ የታቀደው የዚያ መስኖ ውሃ ወደ ኋላ ስትሄዱ ይጠፋና ቦታው እንደገና መስክ ይሆናል። እኔ በዚህ ብቻ አንድ ምሽት አሳልፌያለሁ፣ አላፈርኩም።

ታዲያ ለምን እዚያው አልቀረሁም? ጎግል ኧርዝ ያሳያል እንጂ አይመልስም። "ከ2,500 ሜትር በላይ ያሉት ቀበሌዎች የትኞቹ ናቸው? ከእነሱ ውስጥስ ከመንገድ የሚርቁት?" ብላችሁ ብትጠይቁት ዝም ነው። ከእያንዳንዱ ቅርጽ ጀርባ ሊኖር የሚገባው ሠንጠረዥ እንደ ጂአይኤስ የሚሠራበት አይደለም። ደግሞም ምስሉ የሚመጣው በኔት ነው። አስቀድማችሁ ያያችሁት ቦታ ኮምፒውተሩ ውስጥ ለጊዜው ይቀመጣል፤ አዲስ ቦታ ግን ያለ ኔት አይከፈትም።

ስሙ የገነነው፦ አርክጂአይኤስ

አርክጂአይኤስን የሚሠራው ኤስሪ የተባለው የካሊፎርኒያ ኩባንያ ነው። በ1969 እ.ኤ.አ. ጃክና ሎራ ዳንገርመንድ የተባሉ ባልና ሚስት ናቸው ያቋቋሙት። እኛ አገር ብዙ ሰው ጂአይኤስ ሲል በልቡ አርክጂአይኤስ ማለቱ ነው። ሥራ ማስታወቂያ ላይ የሚጻፈው እሱ ነው። ኮሌጅ የተማረ ጓደኛ ካላችሁ የተማረው በእሱ ነው። ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። ስትቸገሩ ጎናችሁ ያለው ሰው "እስቲ ልየው" የሚላችሁ የሚያውቀውን ከሆነ ብቻ ነው።

መጀመሪያ ግን አንድ ግራ መጋባት እናጥራ። "አርክጂአይኤስ አለኝ" የሚሉ ሁለት ሰዎች ሁለት የተለያየ ነገር ሊኖራቸው ይችላል። አንዱ የድሮው አርክማፕ ነው። የመጨረሻው እትሙ 10.8.2 ነው፤ የኤስሪ ድጋፍ ማብቂያ ቀኑም ማርች 1 ቀን 2026 እ.ኤ.አ. ነው። ሁለተኛው አርክጂአይኤስ ፕሮ ነው። መልኩ ሌላ፣ ሜኑው ሌላ፣ የፕሮጀክት ፋይሉም ሌላ። ዛሬ ከዜሮ የሚጀምር ሰው አርክማፕን ልማር ቢለኝ አልመክረውም። መሥሪያ ቤታችሁ አሁንም በእሱ ላይ ከሆነ ግን ምን ይደረጋል፣ የመሥሪያ ቤቱን ተማሩ።

ፕሮ በእውነት ጥሩ ነው። የእርዳታ ጽሑፉ የተሟላ ነው፤ እያንዳንዱ መሣሪያ ምን እንደሚሠራ በሥዕል ያስረዳል። ካርታ አሳምሮ ለማሳተምም ይመቻል። ችግሩ ያለው ከእኛ ዘንድ ነው። ዊንዶውስ ላይ ብቻ ነው የሚጫነው። ዝቅተኛው ራም 8 ጊጋ ነው፤ እሱም ለመክፈት ያህል ነው እንጂ ለመሥራት አይመችም። ፈቃዱም በዶላር የሚገዛና የሚታደስ ነው። ከኪሱ ለሚማር ሰው ይኼ የማይዘለቅ ነው።

"ክራኩ አለ አይደል እንዴ?" ትሉኝ ይሆናል። አለ፤ ፈቃዱ ተሰብሮ በፍላሽ ከእጅ ወደ እጅ ይዞራል። እኔም ጭኜው ነበር። የመጀመሪያውን ወር ሠራ። ከዚያ አንዱ መሣሪያ ያለ ምንም ምክንያት ቀይ መስቀል ማሳየት ጀመረ። ስህተቱ የእኔ ይሁን የክራኩ ማን ያውቃል? ለጀማሪ ትልቁ ጣጣ እሱ ነው። አብሮት የመጣው ቫይረስ የአጎቴን ልጅ የመመረቂያ ጽሑፍ ይዞ ሄደ። እስከ ዛሬ ቤታቸው ስሄድ ቡናው እስኪፈላ ድረስ ይነሳብኛል።

አርክጂአይኤስን በንጽሕና መሞከር ለሚፈልግ የ21 ቀን ነፃ መሞከሪያ አለ። ኤስሪ በኦንላይን በነፃ የሚሰጣቸው ኮርሶችም በኮርሱ ጊዜ ሶፍትዌሩን ይፈቅዳሉ። ጥሩ ኔት ያለበት ቦታ ለተወሰነ ጊዜ የምትቀመጡ ከሆነ እነዚህን አትለፏቸው።

እኔ የቀረሁበት፦ ኪውጂአይኤስ

ኪውጂአይኤስን ጋሪ ሸርማን የሚባል ሰው በ2002 እ.ኤ.አ. ጀመረው። ድሮ ኳንተም ጂአይኤስ ነበር የሚባለው። ዛሬ በብዙ አገር ያሉ በጎ ፈቃደኞች ይሠሩታል። ነፃ ነው። ዊንዶውስ፣ ማክና ሊኑክስ ላይ ይጫናል። መጫኛው ከአንድ ጊጋ በላይ ስለሆነ በሞባይል ዳታ አትሞክሩት። አንድ ሰው ኔት ያለበት ቦታ ያውርደውና በፍላሽ ተቀባበሉት። ይህኛው በፍላሽ ሲዞር ሕጋዊ ነው፤ ማንንም ቀና ብላችሁ ማየት ትችላላችሁ። ከሚቀርቡት እትሞች ለረጅም ጊዜ ድጋፍ የሚሰጠውን ምረጡ፤ አዲስ አዲሱን ለሚወዱ ተዉላቸው።

በመጀመሪያው ቀን አይስባችሁም። የቁልፉ ብዛት ያስደነግጣል። አንድ ሥራ የሚሠሩ ሁለትና ሦስት መሣሪያዎች ይኖራሉ፤ የቱን እንደምትይዙ የሚነግራችሁ የለም። ፕለጊን የሚባል ተጨማሪ መሣሪያ ትጭናላችሁ፣ እትሙ ሲቀየር ፕለጊኑ እምቢ ይላል። አርክጂአይኤስ ፕሮ እንደ ተደራጀ ሱቅ ከሆነ ኪውጂአይኤስ የቅዳሜ ገበያ ነው። ሁሉም አለ፤ ግን ዞራችሁ ፈልጉት።

ልቤን የገዛው በአንድ ምሽት ነው። የጨሞጋን ተፋሰስ ማውጣት ፈለግሁ። ለዚያ የከፍታ ዳታ ያስፈልጋል። በየካቲት ወር 2000 እ.ኤ.አ. አንዲት የጠፈር መንኮራኩር ለ11 ቀን ምድርን እየዞረች በራዳር የለካችው ኤስአርቲኤም የሚባለው ዳታ በነፃ ይገኛል። አንዷ ነጥብ 30 ሜትር ገደማ ናት። የደብረ ማርቆስና የጮቄ ክፍል "ሰሜን 10፣ ምሥራቅ 37" በሚል ስም ነው የተቀመጠው። ቁራጩ በጎን 3,601፣ በቁመትም 3,601 ነጥብ አለው፤ ሲባዛ 13 ሚሊዮን ገደማ ይሆናል። እኔ ይህን ሁሉ ሳላውቅ የውሃው መንገድ እንዳይቋረጥ ሙሉውን ቁራጭ "ጉድጓዶቹን ሙላልኝ" ብዬ አዘዝኩት። ላፕቶፑ እንደ ወፍጮ ጮኸ። ማውሱ ቆመ። መብራቱም ጊዜውን ጠብቆ ሄደ።

በማግስቱ አንድ ባልደረባዬ "መጀመሪያ ቁረጪው እንጂ! ጎጃምን በሙሉ ምን ያደርግልሻል?" አለኝ። የምፈልገውን አካባቢ ብቻ በአራት ማዕዘን ቆርጬ ደገምኩት። ጥቂት ደቂቃ ነው የፈጀው። ጥቁሩ መደብ ላይ ነጫጭ ክሮች ብቅ ብቅ አሉ፤ ከጮቄ ግርጌ ተነስተው እየተገናኙ ወረዱ። ማንም አልሳላቸውም። ከከፍታው ቁጥር ብቻ የወጡ ወንዞች ናቸው፤ ከልጅነቴ ጀምሮ የማውቃቸው እጥፋቶች እንኳ ቦታቸው ላይ ነበሩ። ያ ሁሉ በ4 ጊጋ ራም፣ ያለ ኔት፣ ያለ አንድ ብር።

የሚረከበኝ መሥሪያ ቤት አርክጂአይኤስ ነው ብያችሁ የለ? ችግር አልሆነም። ሼፕፋይል የሚባለውን የካርታ ዳታ ፋይል ሁለቱም ይከፍቱታል። ሁለት ነገር ብቻ ጠብቁ። ሼፕፋይል አንድ ፋይል አይደለም፣ ቤተሰብ ነው፤ በአንድ ስም ቢያንስ ሦስት ፋይል ይኖራል፣ ብዙ ጊዜም ከዚያ በላይ። አንዱን ብቻ ፍላሽ ላይ ገልብጣችሁ ብትሄዱ እዚያ ደርሳችሁ አይከፈትም። ሁለተኛው፣ የፕሮጀክት ፋይሉ ዳታውን አይዝም፤ ዳታው የት እንዳለ ብቻ ነው የሚያስታውሰው። ፎልደሩን በሙሉ ውሰዱ። ይህ በሁለቱም ሶፍትዌር ያው ነው፣ በሁለቱም አልቅሼበታለሁ።

አማርኛው ጣጣ

ይህን ማንም አስቀድሞ አልነገረኝም። የቀበሌዎቹን ስም በኤክሴል በአማርኛ ጻፍኩ፣ ሲኤስቪ በሚባል ተራ የጽሑፍ ሠንጠረዥ አስቀመጥኩ፣ ካርታው ላይ ስጭነው ሁሉም ቀበሌ የጥያቄ ምልክት ሆነ። ሲኤስቪ ስታስቀምጡ ከዝርዝሩ "ዩቲኤፍ 8" የሚለውን፣ የሁሉን ቋንቋ ፊደል የሚይዘውን የዩኒኮድ አጻጻፍ፣ ምረጡ፤ መድኃኒቱ እሱ ብቻ ነው። ዩኒኮድ ባልሆነ የድሮ የግዕዝ ፎንት የተጻፈ ሠንጠረዥ ከደረሳችሁ ግን አዝናለሁ፣ እንደገና መጻፍ ሊኖርባችሁ ይችላል።

ሼፕፋይል ደግሞ የራሱ ክፋት አለው። የአምዱ ስም ከ10 ባይት እንዲያልፍ አይፈቅድም። በዩቲኤፍ 8 አንድ የአማርኛ ፊደል 3 ባይት ይይዛል። ስለዚህ "የቀበሌው ስም" ብዬ የሰየምኩት አምድ "የቀበ" ሆኖ ቀረ። የአምዱን ስም በላቲን አጭር አድርጉት፤ ውስጡን በአማርኛ ሙሉት። ወይም በጂኦፓኬጅ አስቀምጡ። እሱ እንዲህ ያለ ገደብ የለበትም፣ ፋይሉም አንድ ብቻ ነው። ኪውጂአይኤስ ራሱ አዲስ ነገር ስታስቀምጡ መጀመሪያ የሚያቀርበው እሱን ነው፤ አርክጂአይኤስ ፕሮም ይከፍተዋል።

ምንጩ ለምን ተሻገረ?

የገባሁላችሁ ቃል ነበር። የአገራችን የድሮ 1 ለ50,000 ካርታዎች የተሠሩት አዲንዳን በሚባል የልኬት መነሻ ነው። አዲንዳን በግብፅና በሱዳን ድንበር አካባቢ ያለ የቅየሳ ነጥብ ነው። ወደ እኛ የመጣው በአባይ ምክንያት ነው፤ በ1950ዎቹ መጨረሻ እ.ኤ.አ. የአባይ ተፋሰስ ሲጠና ቀያሾቹ ልኬቱን ከዚያ እየዘረጉ አመጡት። ጂፒኤስ ግን የሚሠራው ደብሊውጂኤስ 84 በሚባል ሌላ መነሻ ነው። አንዱ ቦታ በሁለቱ መነሻ ሲለካ ቁጥሩ ይለያያል። በእኛ አገር ልዩነቱ ወደ ሰሜን 200 ሜትር ገደማ፣ ወደ ምሥራቅ ደግሞ 90 ሜትር ገደማ ነው።

የተዋስኩት ጂፒኤስ አዲንዳን ላይ ተሞልቶ ነበር። እኔ ቁጥሩን ወደ ኪውጂአይኤስ ሳስገባ ሶፍትዌሩ "በምን ልክ ነው?" ብሎ ጠየቀኝ። ያቀረበልኝን ሳላነብ እሺ አልኩት፤ ደብሊውጂኤስ 84 ነበር። ነጥቦቼ ሁሉ ወደ ደቡብ ወረዱ፣ ትንሽም ወደ ምዕራብ ሸሹ። እርከኖቹ ሲንሸራተቱ ማንም ልብ አላለም። ምንጩ ግን ከወንዙ በስተሰሜን ያለ ነበርና ማዶ ተገኘ።

ስለዚህ ሁለት ቁጥር በልባችሁ ያዙ፤ ሶፍትዌሮቹ ልኮችን የሚለዩባቸው ኮዶች ናቸው። ዩቲኤም የሚባለው ደግሞ ምድርን በዞን ከፍሎ በሜትር የሚለካው ዘዴ ነው። 32637 ደብሊውጂኤስ 84 ዩቲኤም ዞን 37 ሰሜን ነው፤ 20137 ደግሞ አዲንዳን ዩቲኤም ዞን 37 ሰሜን። የዛሬው ጎጃም ዞን 37 ውስጥ ነው። ከ36 ዲግሪ ምሥራቅ ወደ ምዕራብ ካለፋችሁ፣ ለምሳሌ ጉባ ድረስ ከወረዳችሁ፣ ዞን 36 ውስጥ ገባችሁ።

እዚህ ላይ ሶፍትዌሮቹ በእርግጥ ይለያያሉ። ጎግል ኧርዝ ምርጫ አይሰጣችሁም፤ ለእሱ ዓለም ሁሉ ደብሊውጂኤስ 84 ናት። የአዲንዳን ቁጥር ብትሰጡት ዝም ብሎ የተሳሳተ ቦታ ላይ ይተክለዋል። አርክጂአይኤስ ፕሮ ሁለቱን የሚያገናኘውን ስሌት ብዙ ጊዜ ራሱ ይመርጣል፤ ይመቻል፣ ግን ምን እንዳደረገ ሳታዩ ታልፋላችሁ። ኪውጂአይኤስ ከታች በቀኝ ጥግ ቁጥሩን ሁልጊዜ ያሳያችኋል፤ ስሌቱ ከአንድ በላይ ሲሆንም "የቱን?" ይላል። ሲጀመር ያናድዳል። እኔን ግን ያስተማረኝ ያ ንዝንዙ ነው።

አንድ ወጥመድ ልጨምር። የተሳሳተ የልክ ስም የያዘን ሌየር (ካርታው ላይ የሚደረብ አንድ የመረጃ ንብርብር) ስሙን ማረም አንድ ነገር ነው፤ ሌየሩን ከአንድ ልክ ወደ ሌላ መቀየር ሌላ ነው። በአርክጂአይኤስ የመጀመሪያው "ዲፋይን ፕሮጀክሽን"፣ ሁለተኛው "ፕሮጀክት" ይባላል። በኪውጂአይኤስ "ሴት ሌየር ሲአርኤስ" እና "ሪፕሮጀክት ሌየር" ናቸው። የእኔ ምንጭ የፈለገው ሁለቱንም በቅደም ተከተል ነበር። መጀመሪያ "አንተ አዲንዳን ነህ" ማለት፣ ቀጥሎ ወደ 32637 መቀየር። ሁለተኛውን ብቻ ብታደርጉ ስህተቱን ይዛችሁ ነው የምትጓዙት።

የቀሩትን ባጭሩ

ጎግል ኧርዝ ኤንጅን የሚባል አለ፤ ከጎግል ኧርዝ ጋር በስም ብቻ ነው የሚመሳሰሉት። በብራውዘር የሚሠራ ነው፣ በኮድ ነው የሚታዘዘው፣ ለትምህርትና ለምርምር ነፃ ነው። ከ1972 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ያለውን የላንድሳት ሳተላይት ምስል ክምችት ይዟል። የጮቄ ደን በሠላሳ ዓመት ምን ሆነ ለሚል ጥናት ወደር የለውም። ኔት ከሌለ ግን እሱም የለም። ለሁለተኛ ዓመት አቆዩት። ለመስክ ሥራ ኪውፊልድ የሚባለውን የስልክ አፕ ሞክሩ፤ ኪውጂአይኤስ ላይ ያዘጋጃችሁትን ካርታ ኪሳችሁ ውስጥ ይዛችሁ ትወጣላችሁ፣ አውሱኝ የምትሉት ጂፒኤስም አይኖርም።

ታዲያ ማን የቱን ይያዝ? ላፕቶፑ ደካማ፣ ኔቱ ወረተኛ የሆነበት ሰው ሳምንት ጎግል ኧርዝ፣ ከዚያ ኪውጂአይኤስ። ሕጋዊ ፈቃድ ያለው ላብራቶሪ ውስጥ የምትማሩ ተማሪዎች አርክጂአይኤስ ፕሮን እስክትመረቁ ጥገቡት፤ ቤት ስትገቡ ግን ኪውጂአይኤስ ጫኑ፣ ስትመረቁ ፈቃዱ አብሯችሁ አይመረቅም። ሥራ ማስታወቂያው አርክጂአይኤስ ስላለ ብቻ የምትጨነቁ ካላችሁ፣ እኔ ኪውጂአይኤስን ካወቅሁ በኋላ ፕሮን ለመልመድ የፈጀብኝ ሁለት ሳምንት አይሞላም። የእርሻውን ወይም የቤተ ክርስቲያኑን ቦታ አንዴ ለክቶ ማሳየት ብቻ የፈለገ ሰው ደግሞ ጎግል ኧርዝ ይበቃዋል፣ ራሱን አያድክም።

የታረመውን ካርታ ይዤ ተመለስኩ። አባት ጋቢያቸውን ወደ ትከሻቸው መለስ አድርገው ጎንበስ አሉ። ጣታቸውን ወንዙ ላይ አሳረፉ፣ ወደ ላይ ሄዱ፣ ምንጩ ላይ ቆሙ። "እህ" አሉ። ከዚያ ጣታቸው ከምንጩ ወደ ቀኝ ትንሽ ሄደና ባዶ ነጭ ቦታ ላይ ቆመ።

"የኔ ማሳስ የታለች?"

የማሳ ሌየር አልነበረኝም።